እሳት ካየው ምን ለየው?

«እሳት ካየው ምን ለየው» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ማዕድ ላይ ነው። ሥጋው በደንብ ሳይበስል ከወጣ የራበው ሰው ይህችን ብሎ እጁን ይሰዳል። ክርክሯ አጭርና ቀልጣፋ ናት፤ እሳት ነክቶታል፣ ከዚያ ወዲያ ልዩነት የለም። የከባቢ አየር ኬሚስት ግን ዕድሜውን የሚጨርሰው ይህችኑ አባባል እንደ እውነተኛ ጥያቄ ይዞ ነው። የጥድ ጫካ ሲነድ የሚወጣውን ጭስ የሰው ቤት ሲነድ ከሚወጣው ምን ለየው? ጠዋት የተነሣው ጭስ ማታም ያው ጭስ ነው? ሦስት ቀን ተጉዞ ሌላ አገር የገባውስ? ይህን ሲመረምር የቆየ ሰው፣ ሳያስበው ከላቦራቶሪው ወጥቶ ዳኞችና ፈላስፎች የሚከራከሩበት ሸንጎ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚጠብቀው ጥያቄ ደግሞ ጭሱ የማን ነው የሚል ነው።

ነገሩ መልክ ይዞ የተነሣው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጁላይ 26 ቀን 1943 ሎስ አንጀለስ ላይ ዐይን የሚያስለቅስ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ጉም ተኛ። ዘመኑ የጦርነት ነውና ጃፓኖች የመርዝ ጋዝ ለቀቁብን ያሉ ነበሩ። ያ እንዳልሆነ ሲታወቅ ጣት ሁሉ ወደ አንድ ፋብሪካ ተቀሰረ፤ በአሊሶ ጎዳና ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚሆን ቡታዳይን ወደሚያመርተው። ፋብሪካው ለጊዜው ሥራ አቆመ። ጉሙ ግን አላቆመም።

ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ በፓሳዲና፣ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል የኔዘርላንድ ተወላጅ ኬሚስት የአናናስ ሽታ ከምን ከምን እንደተሠራ ያጠና ነበር። ሥራው ሽታን አቀዝቅዞ ማጥመድ ነው። አየሩን እጅግ በቀዘቀዘ ቱቦ ያሳልፈዋል፤ ሽታው ጠብታ ሆኖ ይቀርለታል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ያንኑ ዘዴ በከተማው አየር ላይ ሞከረው። የቀረለት ጥቂት ጠብታ ቡናማና የሚከረፋ ፈሳሽ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበት ነገር የዘመኑን ሰው ግራ አጋባ፤ ዐይን የሚያቃጥለውን ጉም የለቀቀው ማንም አልነበረም። መኪኖችና የነዳጅ ማጣሪያዎች የነዳጅ ትነትና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይለቃሉ። ፀሐይ እነዚህን አገናኝታ ኦዞን ትሠራለች። ኦዞን ግን ከየትኛውም መኪና ጭስ ማውጫ አይወጣም፤ የሚወለደው እዚያው አየር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ሁሉም ሰው እያየ ነው።

ከምስክሮቹ አንዱ ጎማ ነበር። በሎስ አንጀለስ ጎማ ቶሎ ይሰነጣጠቅ ነበር፤ ኦዞን ጎማ ይበላልና። ተመራማሪዎቹ የጎማ ቁራጭ አጥፈው አየር ላይ ያኖሩና የመጀመሪያው ስንጥቅ እስኪታይ ድረስ ደቂቃ ይቆጥራሉ። ቶሎ ከተሰነጠቀ አየሩ ከፍቷል ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ርካሽና ሐቀኛ መሣሪያ ብዙም አላውቅም። የነዳጅ ኢንዱስትሪው ገንዘብ የከፈላቸው ተመራማሪዎች ግን ሃገን-ስሚትን ለዓመታት ተከራከሩት። አናናሱን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለዚህ የሰጠውም ያኔ ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ በ1968 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ሰብሳቢ እሱ ሆነ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል የአገራችን ሰው። ሸክም ሲከፋፈል ይቀላል የሚል ቅን ሐሳብ ነው። የሎስ አንጀለስ ሰማይ ይህን ገለበጠው። እያንዳንዱ ሾፌር የያዘው አንዲት ሎሚ ነበረች፤ ለብቻዋ ብትታይ ጌጥ ናት፣ ማንንም አትጎዳም። ሎሚዎቹ ተሰብስበው ፀሐይ ሲያገኛቸው ግን በአንዳቸውም ውስጥ ያልነበረ መርዝ ተሠራ። ሕጋችንም ሥነ ምግባራችንም የለመዱት ባለቤት ያለውን ጥፋት ነው፤ ገዳይና ሟች፣ ሰራቂና ተሰራቂ። በመካከላችን ባለው አየር ውስጥ ለሚወለድ ጥፋት ግን ቃለ መሐላ የሚፈጽም ተከሳሽ አይገኝም። ሁሉም ሰው «እኔ ያን አልለቀቅሁም» ቢል እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው የሚያስቸግረው።

የሰደድ እሳት ጭስ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። እንጨት በአብዛኛው ሴሉሎስና ሊግኒን ነው። ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ሴሉሎሱ ተሰባብሮ ሌቮግሉኮሳን የሚባል ስኳር መሰል ውሁድ ይሰጣል። ኬሚስቱ ይህን በማጣሪያ ወረቀቱ ላይ ካገኘ የሆነ ቦታ ዕፅ እንደነደደ ያውቃል፤ ቤንዚንና ናፍጣ ይህን አይሰጡምና። ነበልባልና ረመጥም አንድ አይደሉም። እየተንበለበለ የሚነድ እንጨት የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንና ጥቁር ጥላሸት ያበዛል። ነበልባሉ ሞቶ የሚጨሰው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድና ቅባት አዘል ብናኝ ያበዛል። ብናኙ እጅግ ደቃቅ ነው። ፒኤም 2.5 የሚባለው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያልበለጠው ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ሃያ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ሳንባ ውስጥ ገብቶ አየርና ደም እስከሚገናኙበት ድረስ ይወርዳል።

በ2019 በጋ ናሳና ኖአ፣ ማለትም የአሜሪካ የጠፈር እና የውቅያኖስና ከባቢ አየር መሥሪያ ቤቶች፣ ዲሲ-8 የሚባል አሮጌ የመንገደኞች አውሮፕላን ላቦራቶሪ አድርገው በምዕራብ አሜሪካ የጫካ ጭስ ውስጥ አበረሩት። መንገደኛ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ መሣሪያ የተጫነበት መደርደሪያ ቆሟል፤ መስኮት በነበረበት የአየር መሳቢያ ቱቦ ወጥቷል። ፓይለቱ እሳቱ አጠገብ ጭሱን ከዳር እስከ ዳር ይሻገራል። ዞሮ ጥቂት ራቅ ብሎ እንደገና ይሻገራል። ከዚያም ደግሞ ራቅ ብሎ። እሳቱ ዘንድ ያለው ጭስ የደቂቃዎች ዕድሜ አለው፤ ነፋሱ ወስዶ ብዙ ኪሎ ሜትር ያራቀው የሰዓታት። ስለዚህ አውሮፕላኑ ቦታ ለቦታ ሲሄድ በጭሱ ዕድሜ ላይ እየሄደ ነው። የጭሱ መሀል ሲገባ ይንገጫገጫል፣ ብርሃኑ ይቀላል፣ ሽታው እስከ ውስጥ ይዘልቃል።

ከዚህ ዓይነት በረራዎች ከተገኙት ነገሮች እኔን ይበልጥ ያቆመኝ የሚዛኑ ጉዳይ ነው። ጭሱ እየራቀ ሲሄድ፣ በንጹሕ አየር መሳሳቱን አስልተው ሲያስተካክሉት፣ የብናኙ ክብደት ብዙም ሳይለወጥ ይገኛል። እንግዲህ ምንም አልሆነም ያሰኛል። ሆኗል እንጂ! ከብናኙ ከፊሉ ይተናል። የተነነው ፀሐይ ባነሣሣችው ኬሚስትሪ ኦክስጅን ይጨምርና ይከብዳል፤ ሲከብድም ተመልሶ ብናኙ ላይ ያርፋል። የሚሄደውና የሚመጣው ስለሚቀራረብ ሚዛኑ ያው ይመስላል፤ በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ግን ሌላ ዕቃ ሆኗል። አንዳንድ ጥናቶች እንደሚያሳዩትም የሰነበተው ጭስ በሰውነት ሕዋስ ላይ የኦክሳይድ ጉዳት የማድረስ አቅሙ ከትኩሱ ይበልጣል።

አፍንጫም እዚህ ላይ አይረዳንም። ለጭስ ያን የምናውቀውን ሽታ ከሚሰጡት ውስጥ ፌኖሎች ይገኙበታል፤ እነሱ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ የሚሰባበሩ ናቸው። ከሩቅ የመጣ ጭስ እምብዛም ሳይሸት ሊገባ ይችላል። የጭሱ ናይትሮጅን ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ኬሚስቶች ፓን በሚሉት ውሁድ ውስጥ ተሸሽጎ ይጓዛል። ፓን በቅዝቃዜ ይጸናል፣ በሙቀት ይፈርሳል። ከፍ ባለው ቀዝቃዛ አየር ተሳፍሮ ድንበር ይሻገርና ሞቃት ከተማ ላይ ሲወርድ የያዘውን ያራግፋል። የተራገፈው ከከተማው መኪኖች ልቀት ጋር ተደምሮ ኦዞን ይሠራል። ይህን ኦዞን ለጫካው እንስጠው ወይስ ለመኪናው? ጫካው ባይነድ አይኖርም፤ መኪናው ባይነዳም አይኖርም ነበር።

በጁን 2023 የካናዳዋ የኩቤክ ጫካዎች ጭስ የኒው ዮርክን ሰማይ ብርቱካናማ አድርጎ ወደ ዋሽንግተን ወረደ። በዚያ አካባቢ ሐበሻ ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ የሚውለው ሾፌርና የፓርኪንግ ሠራተኛ ዐይቶት የማያውቀውን፣ ስሙንም ሰምቶ የማያውቀውን ዛፍ ተነፈሰ። ለምን ብሎ ማንን ይጠይቃል? ካናዳን? መብረቁን? ሙቀቱን? ሙቀቱን የሚጠይቅ ከሆነ እሱ ራሱ ከሚነዳው መኪና ጀምሮ የተጠያቂው ወረፋ ረጅም ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የባሰ ነው። ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በብርቱ ደረቅ ነፋስ ሎስ አንጀለስ ላይ እሳት ተነሣ፤ ፓሊሴድስ የተባለው በባሕሩ በኩል፣ ኢተን የተባለው በአልታዲና። አልታዲና የሃገን-ስሚት ፓሳዲና የድንበር ጎረቤት ናት። በሁለቱ እሳቶች ከ16,000 በላይ ቤቶችና ሌሎች ግንባታዎች ወደሙ። የነደደው ዛፍና ቁጥቋጦ ብቻ አልነበረም። በአሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ እርሳስ ያለበት ቀለም አለ። ሶፋ አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ የፕላስቲክ ቧንቧ አለ፣ ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪና ከነባትሪው አለ። ከኢተን እሳት በስተደቡብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተተከለ መሣሪያ በአየር ውስጥ ያለው እርሳስ ከወትሮው ወደ መቶ እጥፍ ሲያሻቅብ መዘገበ።

በስልካችን የምናየው የአየር ጥራት ቁጥር ግን ይህን አይነግረንም። ፒኤም 2.5 የሚለካው በክብደት ነው። የጥድ ሙጫም ይሁን የእርሳስ ቀለም፣ የአንድ ሰዓትም ይሁን የአምስት ቀን፣ ሁሉም በአንድ ሚዛን ላይ ማይክሮግራም ነው። ቁጥሩ ራሱ «እሳት ካየው ምን ለየው» ባይ ነው። ያም ሆኖ ቁጥሩን ማቃለል አልፈልግም። ሰው መስኮቱን ልዝጋ ወይስ ልክፈት ለሚለው የዕለት ጥያቄ ከሱ የተሻለ የለውም። ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ለተጠያቂነቱ፣ ግን አይበቃም።

ለተጠያቂነቱ የአሜሪካ ሕግ ያበጀው መልስ አለ፤ እኔ የማልስማማበትም እሱ ነው። በንጹሕ አየር ሕጉ መሠረት አንድ ክፍለ ግዛት የአየሩን ብናኝና ኦዞን ከተወሰነ መጠን በታች መጠበቅ አለበት። የሰደድ እሳት ጭስ የመጣበት ቀን ግን «ልዩ ክስተት» መሆኑ በማስረጃ ከታየና የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ካመነበት ከስሌቱ ይወጣል። ደንቡ በ2007 ወጥቶ በ2016 ተሻሽሏል። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል። የኩቤክ ጫካ ስለነደደ ሜሪላንድን መቅጣት ምን ይባላል? ሰው ያላደረገውን አይጠየቅም። ሆኖም ሁለት ነገር ያስጨንቀኛል። አንደኛው ሳንባ እንዲህ ያለ ደንብ የሌለው መሆኑ ነው፤ ከመዝገብ የወጣችው ቀን ከደረት አትወጣም። ሁለተኛው ይበልጣል። ተፈጥሮ ያመጣው የተባለው እሳት ምን ያህል የተፈጥሮ ነው?

በሰሜን ካሊፎርኒያ የካሩክና የዩሮክ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ጫካቸውን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ያቃጥሉ ነበር። የወደቀው ቅጠልና ጭራሮ ሳይከመር ይነዳል፤ ትልልቁ ዛፍ ይተርፋል። ካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በሆነችበት በ1850 የወጣው ሕግ የሜዳ ሣር የሚያቃጥልን ተወላጅ የሚያስቀጣ ነበር። በ1910 በአይዳሆና ሞንታና በሁለት ቀን ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ከነደደ በኋላ የአገሪቱ የደን አገልግሎት እሳትን ሁሉ እንደ ጠላት ያዘ። በ1935 ደግሞ ማንኛውም እሳት በታየ ማግስት ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት መጥፋት አለበት የሚል መመሪያ አወጣ። ለአሥርት ዓመታት እሳቱ ጠፋ፤ ማገዶው ተከመረ። ከዚያ ምድር ሞቀች። ዛሬ የሚነደው ያ ክምር ነው። ታዲያ እያወቀ ጥቂት ቢያቃጥል ኖሮ ጭሱ በስሙ ይመዘገብበት የነበረው ሰው፣ ሳያቃጥል አከማችቶ ሲያበቃ ሁሉም በአንድ ቀን ሲነድ «የመጣብኝ ነው» ይላል። እርግጥ ሆን ተብሎ የሚለኮስ እሳትም በ2016ቱ ደንብ ልዩ ክስተት ሊባል የሚችልበት በር አለው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው።

ሟቾቹን የሚቆጥረው ማን ነው? ኖቬምበር 2018 ፓራዳይዝ የተባለችውን የካሊፎርኒያ ከተማ ያወደመው እሳት 85 ሰው ገደለ። የሁሉም ሞት ተመዝግቧል፣ ተለቅሷል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ባሳተሙት ጥናት ግን ከ2008 እስከ 2018 በካሊፎርኒያ ብቻ የሰደድ እሳት ብናኝ ያለ ጊዜያቸው የቀጠፋቸው ሰዎች ከ52,000 በላይ እንደሚሆኑ ገምተዋል። ከእነዚህ ውስጥ እገሌ ነው ብሎ የሚጠቁም የለም። አንዱ በልብ ድካም ሞተ ተብሏል፣ ሌላው በሳንባ ምች። ጭሱ በስሌት ውስጥ አለ፣ በሞት የምስክር ወረቀት ላይ የለም። ሰው ደግሞ ለስሌት አያለቅስም።

ይህ የግድ እንዲህ መሆን እንደሌለበት ያሳየ አንድ ፍርድ አውቃለሁ፤ የጫካ ሳይሆን የመኪና ጭስ ጉዳይ ነው። ኤላ አዱ-ኪሲ-ዴብራ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን መኪና በሚበዛበት አውራ ጎዳና አጠገብ የምትኖር አስም ያለባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። በ2013 ሞተች። እናቷ ለዓመታት ከተከራከረች በኋላ በዲሴምበር 2020 የሞት ምክንያት የሚመረምረው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰነ። በብሪታንያ የመጀመሪያው ነው። ያን ብክለት የለቀቀው የትኛው መኪና እንደሆነ አልተጠየቀም፤ መጠየቅም አላስፈለገም። ብቸኛ ጥፋተኛ ሳይገኝ ጥፋቱ ግን ተገኘ፣ ስሙም ተጻፈ። ለእኔ የከባቢ አየር ኬሚስትሪ ከሥነ ምግባር ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ጥፋትን ለማመን ብቻውን ያደረገውን ሰው እስክናገኝ መጠበቅ የለብንም፤ ድርሻ ያለው ሁሉ በድርሻው ልክ ባለ ዕዳ ነው።

ይህን የሚረዳ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት ውስጥ ያለው ሌቮግሉኮሳን ከካሊፎርኒያው አይለይም። ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ነበልባሉ አይነሣም፣ ይጨሳል፤ ማለትም የባሰውን ዓይነት ይሰጣል። ጋጋሪዋ አክንባሎውን አንሥታ እንጀራውን ስታወጣ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። የጣሪያው ማገር በጥላሸት ጠቁሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ማገዶና ከሰል ጭስ ምክንያት በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ጭሱን የለኮሰችውም የተነፈሰችውም እሷው ናትና ጉዳዩ የራሷ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እንጀራው ግን የእሷ ብቻ አይደለም። ሳሎን ተቀምጦ የሚበላው ሁሉ የዚያ ጭስ ባለ ድርሻ ነው፤ ኬሚስትሪው ባይደርስበትም ሒሳቡ ይደርስበታል። «ጭስ መውጫ አያጣም» ብለን እንጽናናለን። ከማድ ቤት የወጣው ግን ሰፈር ነው የሚገባው፤ ከሰፈሩ ጭስ፣ ከአሮጌው የናፍጣ መኪናና ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ፀሐይ ይጠብቃል።

ድርሻን ለማወቅ ደግሞ መለካት ይቀድማል። የአዲስ አበባን አየር ብናኝ ለዓመታት ሰዓት በሰዓት ለማንም በሚታይ መንገድ ካሳወቁት አንዱ የአሜሪካ ኤምባሲ መሣሪያ ነበር። በማርች 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየአገሩ ካሉት ኤምባሲዎቹ የሚሰበስበውን የአየር ልኬት ማሳወቁን አቆመ። መሣሪያው የእነሱ ነው፣ ቢያቆሙ መብታቸው ነው። አየሩ ግን የእኛ ነው፤ የከተማው አስተዳደርም ልኬቱን በየቀኑ፣ በየክፍለ ከተማው፣ አንድም ቀን ሳያስቀር ለነዋሪው ያሳውቅ።